ቁምጣ የለበሰው መመሪያ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ደግ ፈቺ ይፍታልኝ። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። እኔ ግን እንኳን ሕልም የአለቃዬን ጥላ የምፈራ ሰው ነኝና፣ ይህን ሳወራችሁ እንኳ ላብ ላብ ይለኛል።

አጥናፉ እባላለሁ። ዳቦ ቤቶችን በሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፍተኛ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ መመሪያ ማርቀቅ ነው። አረቅቃለሁ፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ ወዲያ እኔና እሱ አንተዋወቅም። እንቁላሏን መንገድ ላይ ጥላ እንደምትሄድ ዶሮ ነኝ። የጣልኩትን ማን ታቀፈው፣ ማን ረገጠው፣ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም። ዶሮዋ ግን እንደ እኔ ከፍተኛ ባለሙያ አትባልም።

በሕልሜ ወደ ቢሮ ስሄድ ሕንፃው በአናቱ ተተክሎ ቆሟል። ምድር ቤቱ ሰማይ ላይ፣ አለቆች የሚቀመጡበት ላይኛው ፎቅ ከአስፋልቱ ጋር እኩል። ይህ ምንም አልገረመኝም። የገረመኝ ሰልፉ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰለፉት ባለጉዳዮች ሳይሆኑ የእኛ ሰዎች ነበሩ። የቡድን መሪዎች ከረባታቸውን አናታቸው ላይ ጠምጥመዋል። ዋና ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሰናይት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በፋይል ያራግባሉ።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ባለጉዳዮቹን። ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል» አሉኝ በተሰበረ ድምፅ።

ይህን ጊዜ የበሩ ጥበቃ ብቅ ብሎ፣ «ኔትወርክ የለም! ባለሥልጣን የሆናችሁ ሁሉ ነገ ተመለሱ!» ብሎ ጮኸ።

ወይዘሮ ሰናይት ብድግ ብለው እጅ ነሱ። «እሺ ጌታዬ። ነገ በስንት ሰዓት?»

«ነገ ሲመጡ ይነገርዎታል።»

ይህን መልስ የት ነበር የሰማሁት ብዬ ሳሰላስል፣ ለካ ከገዛ አፌ ነው። ገና ሳፍርበት ጥበቃው እንደገና ተጣራ። «አጥናፉ! መመሪያ ወልዶ የጠፋው አጥናፉ! ግባ፣ ትፈለጋለህ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ገባሁ።

የገዛ ቢሮዬ ነው። ወንበሬ ላይ ግን ወይዘሮ ትርንጎ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ትርንጎን በእውንም አውቃቸዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ዳቦ ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል። ያሸግነው እኛ ነን። ጥፋታቸው ዳቦ በዲጂታል ሚዛን መመዘናቸው ነው። መመሪያ ቁጥር ሰባት «ዳቦ የሚመዘነው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ላይ ብቻ ነው» ይላል። መመሪያው ሲወጣ ክፉ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ባለ ሞላ ሚዛን ይዘው ሞላውን እያላሉ ሕዝቡን የሚያጭበረብሩ ነበሩ። አሁን ግን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን የሚሸጥ ሱቅ በከተማው የለም። ወይዘሮ ትርንጎ ደጅ ሊጠኑ በመጡ ቁጥር «እማማ፣ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው» እላቸዋለሁ። ያረቀቅሁት እኔ መሆኔን አልነግራቸውም። መመሪያውን ከሰማይ ያወረደው ዝናብ ነው የሚመስለው ስናገር።

በሕልሜ ግን «እርስዎ» ማለቱን ትተውታል።

«ፈቃድህን አሳየኛ» አሉኝ እጃቸውን ዘርግተው።

«የምን ፈቃድ?»

«የመቆጣጠር ፈቃድ ነዋ! ያለ ፈቃድ ነው እንዴ እስከ ዛሬ ሰው ስትቆጣጠር የኖርከው?»

ኪሴን ብዳብስ ዳቦ ወጣ። ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት። «ሻግቷል። አንዴ ከወሰድከው አድሰኸው አታውቅም» አሉና ወደ እግሬ ተመለከቱ። «እስቲ ይሁን። ጫማው እንዴት ነው? አይጠብህም?»

ለካ በዚያ አገር ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው ለተቆጣጣሪዎች መመሪያ የሚያወጡት። ተቆጣጣሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባብ ጥቁር ጫማ እንዲያደርግ አዝዘዋል። የእግሬ ጣቶች ተደራርበው ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።

«ኧረ በጣም ምቹ ነው! እንዲያውም በዚህ አጋጣሚ ለጫማው ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ...»

«ዋሸህ» አሉኝ በእርጋታ። «አልፈርድብህም። የፈራ ሰው ቢጠየቅም እውነቱን አይናገርም። አውልቀው፤ እኔው ልሞክረው።»

የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው የእኔን አጠለቁ። ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሩ። ፊታቸው ተጨማደደ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ወይ ጉድ! ይሄን ያዘዝኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«ለአንተ ያዘዝኩትን አንድ ቀን እንኳ ሳልጫማው! መቀስ አምጡልኝ!»

ነጭ ቆብ ያደረገ ጋጋሪ መቀስ ይዞ ገባ። ወይዘሮ ትርንጎ ጫማውን ቢያወልቁለት አፍንጫውን ቀደደው። ራሳቸው አጎንብሰው ሲያስጠልቁኝ ጣቶቼ ተነፈሱ። «ክረምት ሲገባ ደግሞ ተመልሼ እጠይቅሃለሁ። በብርድ እግር ያብጣል» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ተሳስቻለሁ አሉ፣ አስተካከሉ፣ ሰማዩም አልወደቀም። እኔ ተሳስቻለሁ እንዳልል ስንት ሰርኩላር ጽፌያለሁ!

«በል ተነሥ» አሉኝ። «አሁን ተራው የአንተ ነው። ልጅህን ልትጠይቅ ትሄዳለህ።»

«የቱን ልጄን?»

«ቁጥር ሰባትን።»

ታክሲ ያዝን። ታክሲው ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው፤ ረዳቱም ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ይጣራል። ስንደርስ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ የመመሪያዎች መጦሪያ ይሉታል። በሩ ላይ አለንጋ የያዙ ሽማግሌ አስቆሙን።

«በቅሎ ይዛችኋል?»

«አልያዝንም» አልኩ።

«ብትይዙ አላስገባም ነበር። ዳቦ ቤት ደጅ በቅሎ ማሰር ክልክል ነው» ብለው አንገታቸውን ወደ መንገዱ አሰገጉ። መንገዱ ላይ በቅሎ ቀርቶ ኮቴዋም የለም።

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እሳቸውም የድሮ መመሪያ ናቸው። ማንም ሥራህ አብቅቷል፣ ግባና ዕረፍ ያላቸው የለም። ተረስተው ነው። እሳቸውም እንዲህ ሲጠብቁ ይኖራሉ።»

ገባ ስንል ሁለት ጎረምሶች አንድ በር ይዘው ይጓተታሉ። አንዱ «ለንጽሕና ሲባል ይከፈት!» ይላል፤ ሌላው «ለንጽሕና ሲባል ይዘጋ!» ይላል። በመካከላቸው አንዲት ሻጭ የዳቦ ቅርጫት ይዛ ቆማ፣ መግባትም መውጣትም ተስኗታል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባትየው ሁለተኛውን ሲወልድ የመጀመሪያውን ረስቶት ነበር።»

አባትየው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አፍንጫቸው የእኔ ነው።

ከአዳራሹ ጥግ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጧል። ጺሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። የለበሰው ግን የሕፃን ቁምጣ ነው፤ ጭኑን ሰንጎ ይዞ አላላውስ ብሎታል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። ከፊቱ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አባዬ! መጣህ?»

ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ቁጥር እንጂ ስም አላወጣሁለትም።

«እንዴት ነህ፣ ቁጥር ሰባት?»

«ደህና ነኝ። ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ያልኸኝን አልረሳሁም፤ ዳቦ በዚህ ብቻ!» አለና ሚዛኑን ከፍ አደረገው። አንደኛው ሳህን ተበስቷል። ዝቅ ባለ ድምፅም ቀጠለ፦ «እኒህን እናት ያሸግኋቸው እኔ ነኝ፣ አይደል? ሳሽጋቸው አለቀሱ። ሌባ አይመስሉም ነበር። ግን ሌባውን ከጨዋው እንዴት እንደምለይ አላስተማርከኝም። ማሸግ ብቻ ነው ያስተማርከኝ።»

ወይዘሮ ትርንጎ አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን ይዳብሱት ጀመር። ያሸጋቸውን! «ጠንካራ ልጅ ነው» አሉ። «ባለ ሞላ ሚዛን ይዘው ከሚያጭበረብሩት የገላገለን እሱ ነው። በልጅነቱ እኔው ራሴ መርቄዋለሁ። ልብስ የለወጠለት ጠፋ እንጂ።»

«አባዬ፣ ልትሽረኝ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«አይ... አይደለም።»

«ብትሽረኝም አልቀየምህ። እንደ በቅሎው ሽማግሌ በር ላይ ከምቀር ይሻለኛል። ቁምጣው ግን ያመኛል።»

በሕይወቴ መመሪያ አቅፌ አላውቅም። አቀፍኩት። የቀለም ሽታ አለው። ከረባቴን ፈትቼ የቁምጣውን ጎን ልቀጥልለት ስታገል፣ አዳራሹ በጋጋሪዎች ተሞላ። ከጉልበታቸው እስከ አንገታቸው ዱቄት ነው። አንዷ ወንበር ላይ ወጥታ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ይህ ልጅ መውደቅ የለበትም! በየዓመቱ እየጠየቀ፣ የጠበበውን እያሰፋ፣ ያረጀውን እየቀየረ የሚያሳድገው ማን ነው? እጁን ያውጣ!»

ሁሌ እጅ ሲባል መጀመሪያ የማየው የወይዘሮ ሰናይትን እጅ ነው፤ እሳቸው ሲያወጡ አወጣለሁ፣ ሲያወርዱ አወርዳለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ማንንም አልጠበቅሁም። ቀኝ እጄን ትከሻዬ እስኪንቋቋ ወደ ላይ ዘረጋሁ።

«እኔ!» አልኩ። «እኔ አለሁ!»

«እናመሰግናለን፣ አቶ አጥናፉ» አለ የሴት ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። የመሥሪያ ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ ነው። ከምሳ በኋላ ነው። እጄ አየር ላይ ተሰቅሏል። በዙሪያዬም ያሉ እጆች ሁሉ ተሰቅለዋል። ወይዘሮ ሰናይት ከመድረኩ ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«እንግዲህ መመሪያ ቁጥር ሰባት ይሻሻል የሚለው ሐሳብ ውድቅ ሆኖ፣ ባለበት ይቀጥል የሚለው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አርቃቂው አቶ አጥናፉም ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን በማውጣት...»

ዞር አልኩ። ከኋላ፣ ተጋባዦች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ተቀምጠዋል። ቅሬታቸውን እንዲያሰሙ ተጠርተው ነው። የሚያዩት እጄን ነበር።

እጄን አወረድኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ብናገር ደግሞ በአለቆች ፊት መሳለቂያ መሆኔ ነው። ተነሣሁ።

«ይቅርታ፣ ክብርት ዋና ዳይሬክተር። የእኔ ድምፅ ይሰረዝልኝ። ተኝቼ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ማንም አልሳቀም። አንዱ ዓይኑን አሸ፤ ሌላው አገጩን በመሐረብ ጠረገ። ወይዘሮ ሰናይት ተቆጡ።

«ይህ ምን ዓይነት ቀልድ ነው? ቤቱ በሙሉ ነቅቶ ነው የወሰነው! እስቲ ውይይቱን ነቅቶ የተከታተለ እጁን ያውጣ!»

ከቤቱ አንድም እጅ አልወጣም። ከዚያም ከኋላ፣ ከአግዳሚው ላይ፣ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። የወይዘሮ ትርንጎ ነበር።

ወይዘሮ ሰናይት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተመለከቱና ወደ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ዞሩ።

«እሳቸውን አትቁጠር። ድምፅ የላቸውም።»