በሰላምታ የተለካ አረቄ

እጅ እንደ ባለቤቱ ነው። የስስታም እጅ ሲቀዳ ይንቀጠቀጣል፣ የለጋስ እጅ ማቆሚያ አያውቅም፣ የጠጪ እጅ ደግሞ ወደ ራሱ ያዘነብላል። ታዲያ ያለ መለኪያ አረቄ እኩል የሚቀዳ ሰው ከየት ይመጣል? ከቦንጋ በላይ ካለው ከእኛ መንደር ነዋ! እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ የመንደራችን አንድ ለእናቷ መለኪያ በእጄ የተሰበረች ቀን መቁጠሩን ትቼ ሰላምታን መስፈሪያ አደረግኩ። «እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» እያልኩ እቀዳለሁ፤ የመጨረሻዋ «ደህና» ላይ ጠርሙሱን ቀና! ልክ አንድ መለኪያ። የተለማመድኩት በውሃ ነው። ሳምንት ሙሉ ምሰሶውንም በሩንም የጎረቤትን አህያም ሰላም ስል ብከርም፣ «ለየለት» ብለው ጸበል ሊወስዱኝ ምንም አልቀራቸው።

ታዲያ በቀደም ጋሽ ኃይሌና ጋሽ አሰፋ ሊታረቁ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሽ ኃይሌ እንሰታቸውን ከከርከሮ ሊያድኑ ጉድጓድ ቢቆፍሩ የጋሽ አሰፋ ላም ገብታ ሞተችበት፤ ዓመት ተኳረፉ። በእኛ መንደር እርቅ የሚጸናው ሁለቱ እኩል ተቀድቶላቸው አብረው ሲጠጡ ነው። ያነሰበት «ተናቅኩ» ብሎ ይነሳል። ሽማግሌዎቹ «አደራ!» ብለው ጠርሙሱን ሰጡኝ።

ለጋሽ ኃይሌ ቀዳሁ። ልክ! ወደ ጋሽ አሰፋ ዞርኩ። «እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደህና? ከብ...»

ቃሉን ዋጥኩት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ላሙ ጉድጓድ የገባችበት ሰው «ከብቱ ደህና?» ይባላል? ምላሴ ቢቆምም እጄ «ደህና»ን እየጠበቀ ያንቆረቁራል። አረቄው ብርጭቆውን ሞልቶ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ የጋሽ አሰፋ ሱሪ ላይ ወረደ።

«ለእኔ ይህቺን፣ ለእሱ ጎርፍ?» አሉ ጋሽ ኃይሌ ብድግ ብለው። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ጨበጡ። እኔ በሩን አየሁ።

ጋሽ አሰፋ ሱሪያቸውን እያራገፉ «አንተ ቀልማዳ፣ ጨርሳት እንጂ! ከብቱ ምን?» አሉኝ።

«ከብቱ... ደህና?» እጄ ያኔ ቆመ።

«አንዲት ጎደለች እንጂ ደህና ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያም ከራሳቸው ብርጭቆ ወደ ጋሽ ኃይሌ ብርጭቆ ገለበጡ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠብታ ሳያበላልጡ። ሁለቱም ጨለጡት። እፎይ! እኔም ከጠርሙሱ ጨለጥኩ፤ ያለ ሰላምታ።

ሳምንት ሙሉ አህያ ሰላም ብዬ የተማርኩትን ሙያ፣ ሰውዬው ሊታረቁ ስለፈለጉ ብቻ በአንድ ዓይናቸው ቻሉት። ከዚያ ወዲህ ከብቱን ትቼ «ዝናቡ ደህና?» እላለሁ። በእኛ አገር ዝናብ ታሞ አያውቅም።