መስፍኑ ስማቸውን ለመስማት የሞቱ ዕለት

በቢጫው ወንዝ ዳር ያለችው ትንሿ ግዛት ከሰማይ ከተቸራት በረከት ሁሉ የሚልቀው ጌታዋ መስፍን ሊያንግፉ ነበሩ። ገበሬው በአጨዳ ወቅት ማጭዱን ጥሎ የመንሸራሸሪያ ሐይቅ እንዲቆፍር ያዘዙት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዓመት ሕዝቡ የሚበላው ቢያጣም የሚያየው ውሃ ሞልቶለታል።

መስፍኑን እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በአገሩ ወግ ገዥ ሲሞት ሹማምንት ሥራውን መዝነው ለዘላለም የሚጠራበትን ስም ያወጡለታል። ስሙን ከባለቤቱ በቀር ሁሉም ይሰማዋል። ይህ ለመስፍኑ ግፍ ነበር። «ታላቁ» ይሉኝ ይሆን ወይስ «ጀግናው»? እያሉ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን፣ የዳክዬ ጥብሳቸውን በልተው ሲጨርሱ፣ ሞቱ።

አሟሟታቸው እንደ አገዛዛቸው ግርማ ነበረው። በወጉ በሙታን አፍ የሚደረገው አረንጓዴ ድንጋይ አፋቸው ውስጥ ገባ። አንድ አገልጋይም እንደ ሥርዓቱ ካባቸውን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣና ነፍሳቸውን ሦስት ጊዜ ጠራ፤ «ሊያንግፉ ሆይ፣ ተመለስ!» የተጠራ ነፍስ ካልተመለሰ ሞቱ ጸና ማለት ነው። መስፍኑ ሳል ሲተናነቃቸው እንኳ ስለ ክብራቸው ሲሉ ታገሡት።

ሹማምንቱ ተሰበሰቡ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ቢባልም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸውና መጀመሪያ አለቀሱ።

የሥርዓቱ አለቃ ሽማግሌው ቱኦ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ማን እንበላቸው?» አሉ።

«ቂሉ ነዋ!» አለ አንዱ ሹም።

«እሱስ አነሳቸው» አለ ሌላው።

«ይሁን፣ ቂሉ መስፍን» አሉ ቱኦ። «ተቃውሞ ያለው?»

«እኔ አለኝ!» አሉ ሟቹ፣ ድንጋዩን ተፍተው ከሬሣ ሣጥኑ ብድግ ብለው።

ልጃቸው ቦሼንግ ዙፋኑ ላይ ትራሱን ሲያመቻች ነበርና ክው አለ። «አባባ! ሞተው አልነበር እንዴ?»

«የምን ሞት! ስሜን ልስማ ብዬ ነው የተጋደምኩት!»

ቱኦ መሬት ድረስ እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ ሦስት ጊዜ ጠራንዎ እኮ። አልሰሙም?»

«አሳምሬ ነዋ!»

«ታዲያ ምነው ሳይመለሱ ቀሩ?»

መስፍኑ የተፉትን ድንጋይ ከወለሉ አንሥተው ያገላብጡት ጀመር።

«እንግዲያው በሕጉ ሞተዋል» አሉ ቱኦ በሐዘን። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስሙንም ነሐስ ላይ ሊቀርጹት ይዘውት ሄደዋል።»

መስፍኑ ዞር ቢሉ ቀባሪዎቹ የሣጥኑን ክዳን ተሸክመው ቆመዋል። ያኔ እውነተኛ ፍርሃት ያዛቸው፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜም ለመኑ። «ኧረ እባካችሁ፣ እንደገና ጥሩኝ! አሁን እመለሳለሁ!»

ልመናው አግባብ ሆኖ ተገኘ። መስፍኑ ወደ ሣጥናቸው ተመልሰው፣ ጆሯቸውን አቁመው ተጋደሙ። አገልጋዩም ካባውን ትከሻው ላይ ጥሎ መሰላሉን ያዘ።

ቦሼንግ ሮጦ ከመሰላሉ ሥር ደረሰበት። አገልጋዩን አቀፈውና፣ «አደራህን ወንድሜ» አለው፣ «ቀስ ብለህ ጥራቸው።»