ጃምቦ ምረጡኝ ሊል የመጣ ዕለት

(የአጭር መስመር አብራሪዎች ማረፊያ ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩ የድርጅቱ ሬዲዮ፣ አጠገቡ አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ወደ ሜዳው የሚያሳይ አንድ መስኮት። መስኮቱን ትልቅ ፎቶግራፍ ሸፍኖታል። የፎቶው ባለቤት ጃምቦ ነው፤ የትልቁ አውሮፕላን ካፒቴንና ለአብራሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ዕጩ። አዝግም ደግሞ የባለ ፕሮፔለሯ ትንሽ አውሮፕላን ካፒቴን፣ የጃምቦ ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ለዛሬው ምርጫም የአጭር መስመር ድምፅ ሰብሳቢ ነው። "አዝግም" የሚለውን ስም ያወጣለት ጃምቦ ነው።)

አዝግም፦ ኧረ ጋሼ፣ አንሳው!

ጃምቦ፦ አላነሳም!

አዝግም፦ መስኮት እኮ ነው።

ጃምቦ፦ መስኮት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ግድግዳችሁ እርጥበት ነው፤ ማጣበቂያ አይዝም።

አዝግም፦ የንፋስ ማሳያውን ጨርቅ የምናየው በሱ ነው። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳናይ እንዴት እንነሳ?

ጃምቦ፦ እኔን አይታችሁ ተነሱ!

አዝግም፦ (ጠጋ ብሎ ፎቶውን እያየ) አየሁህ። ንፋሱ ግን ከየት ነው?

ጃምቦ፦ እህትህ "ወንድሜ ዝምተኛ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም" ብላ አግብታኛለች። ዝምታህን እንኳ አልክድም።

አዝግም፦ እትዬ ደህና ናት?

ጃምቦ፦ ደህና ናት፤ ወሬ አታስቀይሰኝ። ሰዎችህ የት አሉ? ምረጡኝ የምለው ለወንበሩ ነው?

አዝግም፦ በየሜዳው ተበትነዋል። የአጭር መስመር ሰው ለስብሰባ ማን ይለቀዋል? መንገደኛ ያወርዳሉ፣ መንገደኛ ይጭናሉ። አንተ በዚህ ሬዲዮ ትናገራለህ፣ እነሱ አውሮፕላናቸው ውስጥ ሆነው ይሰሙሃል፣ ከዚያ ድምፃቸውን በሬዲዮ ይሰጡኛል።

ጃምቦ፦ በሬዲዮ ምርጫ! ይሄ ደግሞ የማን ጉድ ነው?

አዝግም፦ ደንቡ ይፈቅዳል።

ጃምቦ፦ ደንቡንማ ያረቀቅኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! (ክራቫቱን እያስተካከለ) እሺ፣ ክፈተው።

አዝግም፦ ቆይ፣ አንድ ነገር አለ። በሬዲዮ የተባለ ነገር ተደግሞ ይመለሳል።

ጃምቦ፦ እ?

አዝግም፦ የበረራ መቆጣጠሪያው ታወር "በዚህ ከፍታ ብረር" ሲልህ ያለህን ደግመህ ትመልስለታለህ አይደል? "ትክክል" ካለህ አለቀ፣ ሁለታችሁንም ያስራል። እኛም እንደዚያው ነን። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ የገባኝን በአጭሩ እመልስልሃለሁ። ከተሳሳትኩ አርመኝ፤ ካልተሳሳትኩ "ትክክል" በል።

ጃምቦ፦ ለኔ ነው ይሄን የምታስተምረው? እኔ ጋ እኮ ሬዲዮ የረዳት አብራሪ ሥራ ነው። ረዳቱ ያወራል፣ እኔ "ትክክል" እላለሁ፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል።

አዝግም፦ ምን እንዳለ ሳትሰማ?

ጃምቦ፦ ከጃምቦ ጋር የሚበር ረዳት አይሳሳትም!

አዝግም፦ (እያሰበ) እሺ። የመኝታችንን ነገር ትነግርልናለህ?

ጃምቦ፦ የምን መኝታ?

አዝግም፦ ሩቅ ሜዳ ላይ የምናድርበትን ነዋ። መንገደኛ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ነው የምንተኛው። ጽዳቶቹ መጥተው "እግር አንሱ" ይሉናል።

ጃምቦ፦ (እየሳቀ) እኛን ሆቴሉ ትራስ ያስመርጠናል። ጠንካራ ይሁን ለስላሳ፣ የላባ ይሁን የጥጥ። ምርጫ ማለት እሱ ነው፣ ልብ አውልቅ!

አዝግም፦ ባለፈው ለማረፍ ስንወርድ "ጎማ አውርድ" ብለው ረዳቴ ዝም አለኝ። ዞር ስል አገጩ ደረቱ ላይ ነው፤ እንቅልፍ ወስዶታል። ከኋላችን መንገደኛው ሞልቷል፣ አንዲት እናት ልጇን ታጫውታለች። ጋሼ፣ በጣም ነው የፈራሁት።

ጃምቦ፦ ታዲያ ለምን አቤት አትሉም?

አዝግም፦ አልን እኮ። መልስ የለም።

ጃምቦ፦ በማን በኩል አላችሁ?

አዝግም፦ በራሳችን።

ጃምቦ፦ እሱ ነዋ ጥፋታችሁ! የአጭር መስመር አብራሪ አቤቱታ የሚቀርበው በአጭር መስመር ተወካይ በኩል ብቻ ነው። ተወካይ ከሌላችሁ አቤቱታ የላችሁም። አቤቱታ ከሌላችሁ ደግሞ ችግር የላችሁም። ልቅም አድርጌ ነው የጻፍኩት።

አዝግም፦ ተወካይማ ነበረን። ማኅበሩ በር ላይ አስቀምጠውት፣ አስቀምጠውት፣ ሰለቸውና ተወው። የኛ ሰው አፍ የለውም። የሚጮህ ሰው ነው ያጣነው።

ጃምቦ፦ በዚያ ፕሮፔለር ሥር ውላችሁ ጆሯችሁ ደነቆረ እኮ፣ ለማን ይጮሃል?

አዝግም፦ ዛሬ ከሊቀመንበሩ ጋር እሱንም እንመርጣለን። እስካሁን የቀረበ ግን የለም።

ጃምቦ፦ ማን ጅል ይቀርባል! ተወካይ ከየትም መስመር ይምጣ፣ ከተመረጠ እዚሁ እየኖረ፣ ይቺን ትንኝ አውሮፕላን እያበረረ ነው የሚያገለግለው። ይሄንንም እኔ ነኝ ያስገባሁት። ደግሞ ለሁለት ቦታ መወዳደር የለም! ለሁለተኛው "እሺ" ያለ፣ የመጀመሪያው ይሰረዝበታል። ይቺን ለዚያ ለጥቁር መነጽር ብዬ ነው የሰነቀርኳት።

አዝግም፦ ጥቁር መነጽር ማለት ከአንተ ጋር ለሊቀመንበርነት የሚወዳደረው?

ጃምቦ፦ እሱው! ሁለት ቦታ አሰፍስፎ ነበር፤ አንዷን አስጣልኩት።

አዝግም፦ እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ። ለሁለተኛው እሺ ያለ...

ጃምቦ፦ ወይ ፈጣሪዬ! የመጀመሪያው ይሰረዝበታል! ገባህ?

አዝግም፦ አሁን ገባኝ።

(አዝግም መነጋገሪያውን አንስቶ ይጫናል። ጃምቦ ወደ መስታወቱ ዞሮ ፀጉሩን ያስተኛል።)

አዝግም፦ የአጭር መስመር አብራሪዎች በሙሉ፣ ዕጩው ሊናገር ነው። ጋሼ፣ ክፍት ነው፤ እየሰሙህ ነው።

ጃምቦ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ውድ የሰማይ ወንድሞቼና እህቶቼ!

አዝግም፦ ወንድምና እህት ነን። ትክክል?

ጃምቦ፦ ይሄንንም? ትክክል! አውሮፕላናችሁ ትንሽ፣ ልባችሁ ግን ትልቅ ነው!

አዝግም፦ አውሮፕላናችን ትንሽ ነው። ትክክል?

ጃምቦ፦ ትክክል። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ምን እንደ በቀቀን ይለፈልፋል ይሄ!

አዝግም፦ እንደ በቀቀን። ትክክል?

ጃምቦ፦ እሱን አትድገም!

አዝግም፦ "እሱን አትድገም" ተብሏል። ትክክል?

ጃምቦ፦ ትክክል! (ወደ መስታወቱ፣ ድምፁን እያጎረነነ) ወገኖቼ፣ ሕመማችሁ ሕመሜ ነው! የእናንተ ጎን ሳያርፍ የኔ ጎን አያርፍም!

አዝግም፦ እኛ አግዳሚ ላይ እስካደርን ድረስ አንተም አግዳሚ ላይ ታድራለህ። ትክክል?

(የጃምቦ ስልክ ይጮሃል። አንስቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል።)

ጃምቦ፦ (በስልኩ) አቤት! ... ኧረ ጨርሻቸዋለሁ! የዋሆች ናቸው፣ ዝም ብለህ መንዳት ነው...

አዝግም፦ ጋሼ፣ አግዳሚ ላይ። ትክክል?

ጃምቦ፦ ትክክል፣ ትክክል! (በስልኩ) አይ፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ተወው። (ስልኩን ዘግቶ) የት ደረስኩ?

አዝግም፦ አግዳሚው ጋ።

ጃምቦ፦ የምን አግዳሚ? ዝም ብለህ ያልኩትን ተቀበል! ወገኖቼ፣ ትልቅ አውሮፕላን ለኔ ምኔ ነው? ክብር ምኔ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ ተለይቼ አልውልም፣ አላድርም!

አዝግም፦ ከዛሬ ጀምሮ ትልቁን ትተህ፣ እዚሁ እየኖርክ፣ ከኛ ጋር ትበራለህ። ትክክል?

ጃምቦ፦ (በመስታወቱ ጥርሱን እያየ) ትክክል! ድምፅ አጥታችኋል! ድምፃችሁ እኔ ነኝ! በማኅበሩ በር ላይ ቆሜ፣ እስኪሰሙኝ ስለ እናንተ እጮሃለሁ!

(አዝግም መነጋገሪያውን እንደያዘ ወደ ጃምቦ ጠጋ ይላል።)

አዝግም፦ ጋሼ፣ ይቺን ቀስ ብዬ ልመልስልህ። ዞር በልና ስማኝ።

ጃምቦ፦ ከዚህ በላይ ቀስ ልትል?

አዝግም፦ ስለ እኛ ማኅበሩ በር ላይ የሚጮኸው ተወካያችን ነው። እንግዲህ ለአጭር መስመር ተወካይነት ራስህን አቅርበሃል። ትክክል?

ጃምቦ፦ (ከክራቫቱ ላይ ክር እየለቀመ) ትክክል!

አዝግም፦ ሰምተኸኛል?

ጃምቦ፦ የምናገረውን አላውቅም እንዴ? ትክክል ካልኩ ትክክል ነው! ከልቤ! በሉ ምረጡኝ!

(አዝግም መነጋገሪያውን ይለቃል። ሬዲዮው እየተንኮሻኮሸ፣ እየተቆራረጠ፣ "እደግፋለሁ" የሚሉ ድምፆች ይከታተላሉ። አዝግም ለእያንዳንዱ "ተቀብያለሁ" ይላል።)

ጃምቦ፦ እንዴት ነው? እንዴት ነው?

አዝግም፦ ሁሉም።

ጃምቦ፦ ሁሉም? የተቃወመ የለም?

አዝግም፦ አንድም። ረዳቴ እንኳ ነቅቶ ደግፎሃል።

ጃምቦ፦ (እየዘለለ) አላልኩህም? አላልኩህም! አንድ ንግግር! አንዲት ነገር ሳልሰጣቸው! ስለ መኝታ ቃል ተነፈስኩ? አልተነፈስኩም! "ሕመማችሁ ሕመሜ" አልኳቸው፣ ቀለጡ! (ስልኩን አውጥቶ) ቆይ ለእህትህ ልደውል። ከዛሬ ጀምሮ የሊቀመንበር ሚስት ናት።

አዝግም፦ ጋሼ፣ አትደውል።

ጃምቦ፦ ቅናት ጀመረህ?

አዝግም፦ ሊቀመንበር አልሆንክማ። የኛ ተወካይ ነው የሆንከው።

ጃምቦ፦ (እየሳቀ) አዝግም፣ አንተ መቼ ነው የሚገባህ? እኔ እኮ የሊቀመንበርነት ዕጩ ነኝ!

አዝግም፦ ነበርክ። ለሁለተኛው እሺ ያለ የመጀመሪያው ይሰረዝበታል።

(ጃምቦ ሳቁን ያቆማል።)

ጃምቦ፦ እኔ መቼ እሺ አልኩ?

አዝግም፦ ሁለቴ። ዞር በል ብዬህ ነበር፤ ክር ትለቅም ነበር።

ጃምቦ፦ አጭበርብረኸኛል!

አዝግም፦ ከራሴ የጨመርኩብህ ነገር ቢኖር አዝንልህ ነበር። ግን ምን ጨመርኩ? ከእናንተ ጋር እውላለሁ፣ አድራለሁ አልክ። እጮህላችኋለሁ አልክ። እኔ የመለስኩልህ ያልከውን ነው። ያሰብከው ይሆናል ብዬ።

ጃምቦ፦ ሰው ለምርጫ ብሎ የሚናገረውን የምር ይይዘዋል? የት አገር ነው እንደዚህ የሚደረገው!

አዝግም፦ እኛ ሬዲዮ ላይ ቀልድ የለንም። የምንተኛው አግዳሚ ላይ ነው፣ የምንበላው ቆመን ነው፣ አውሮፕላናችን ላይ የሽንት ቤቱ በር በገመድ ነው የሚታሰረው። የተባለልንን ሰምተን ደግመን መመለስ ግን እናውቃለን። በዚያ ነው እስካሁን ማንንም ያልገደልነው። አንተ ግን የምትሰማው ራስህን ብቻ ነው፤ እሱንም አጣርተህ አትሰማም። እየናቅኩህ ኖርኩ ጋሼ። ለእትዬ ብዬ ዝም ስል አዝግም አልከኝ።

ጃምቦ፦ ታዲያ ከናቅኸኝ ለምን መረጣችሁኝ?

አዝግም፦ የሚጮህ ሰው አጥተን! ትንፋሽ ሳትወስድ እስኪመሽ መጮህ ትችላለህ። እስካሁን ለራስህ ነበር፤ አሁን ለኛ ትጮሃለህ። አንተም አግዳሚው ላይ አንድ ሁለት ቀን ካደርክ፣ ጩኸቱ ከልብ ይመጣልሃል።

ጃምቦ፦ እለቃለሁ! አሁኑኑ እለቃለሁ!

አዝግም፦ መልቀቂያ የሚያጸድቀው ሊቀመንበሩ ነው።

ጃምቦ፦ ሊቀመንበሩ ማነው?

አዝግም፦ ዕጩ አንድ ብቻ ቀረ እኮ።

ጃምቦ፦ (ወንበር እየፈለገ) ጥቁር መነጽር...

አዝግም፦ እሱው። ደስ ብሎት ያቆይሃል።

ጃምቦ፦ አልቀበልም! አቤት እላለሁ! እስከ መጨረሻው አቤት እላለሁ!

አዝግም፦ ትችላለህ። አሁን የአጭር መስመር አብራሪ ነህ። አቤቱታህን ለተወካይህ ስጠው።

ጃምቦ፦ ተወካዬ ማነው?

(አዝግም መስኮቱ ላይ ያለውን ፎቶ በጣቱ ያሳየዋል። ጃምቦ ፎቶውን ያያል፣ አዝግምን ያያል፣ አግዳሚው ላይ ዘፍ ይላል።)

ጃምቦ፦ እና... እኔ ለማን ልናገር? የሚሰማኝ ማነው?

አዝግም፦ እኛም እሱን ነበር ስንጠይቅ የኖርነው።

(ሬዲዮው ይንጫጫል። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይጣራል። አዝግም መነጋገሪያውን ለጃምቦ ያቀብላል።)

አዝግም፦ እንካ፣ አንተን ነው። ሁሉም አልጋ የለንም እያሉ ነው።