ስም አልባዎቹ መዝሙሮች

በዴንቨርም ሆነ በኦሮራ፣ ሚስት ከባሏ አስበልጣ የምታምነው ኮምፒውተር ጠጋኝ የሌለበት የሀበሻ ቤት አይገኝም። በእነግዛው ቤት ይህን ሹመት የያዘው ክቡር ፍፁም ነው።

ክቡርነታቸው ከቶርንተን ድረስ ነድተው ይመጣሉ፤ ገንዘብም በጭራሽ አይቀበሉም። ግዛውን የሚያንገበግበው ይኸው ነው። ፍፁም ቢከፈለው "ሠራተኛ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር። በነጻ ስለሚሠራ ግን የግዛው ሚስት አልጣሽ ሥጋውን መርጣ ታጎርሰዋለች። ፕሪንተሩ ሲያኮርፍ ፍፁም፤ ዋይፋዩ ሲደክም ፍፁም። የልብስ ማጠቢያው ሲንቀጠቀጥ እንኳ፣ ግዛው መፍቻ ይዞ አጠገቡ ተንበርክኮ ሳለ፣ "ለፍፁም ልደውልለት እንዴ?" ብላለች።

የፍፁም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ቀላል ነው፣ አልጡ!" ግዛው "አልጡ" የሚለውን ስም ከሠርጋቸው ጀምሮ የግሉ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ኮምፒውተሩም በሁለት ሲስተም እንዲሠራ፣ ሲነሳም "ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?" ብሎ እንዲጠይቅ ያደረገው ፍፁም ነው። ግዛው ለዓመታት የቀረጻቸው አልጣሽ ያለችበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መዝሙሮች በሊኑክሱ በኩል፣ ተጣምረው በሚሠሩ ሁለት ዲስኮች ላይ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ሊኑክሱ አልነሳም አለ። ግዛው አልጣሽ ሳትሰማ ራሱ ሊጠግነው ብሎ በዊንዶውስ ገባ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ዲስክ አያውቅምና ባዶ መስሎት፣ "እንደ አዲስ ላዘጋጀው?" አለ። ግዛው በትህትና የጠየቀውን እምቢ ብሎ አያውቅም። እሺ የሚለውን ተጫነ። መዝሙሩ ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

አልጣሽ ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ስልኳን አነሳች።

"ከእንግዲህ ማንም ምንም እንዳይነካ!" አለ ፍፁም እንደደረሰ፤ "ማንም" ሲል ግዛውን እያየ። ከዚያ ሁለቱን ዲስኮች ኮፒ አደረገና ኮፒው ላይ ሲታገል ዋለ። ወደ አመሻሹ "ቀላል ነው" ማለቱን ተወ። ግዛው ደስ ሊለው ሲገባ ሆዱ ባባ።

በመጨረሻ መዝሙሮቹ ተገኙ፤ ግን ስማቸው ጠፍቶ፣ በቁጥር ብቻ። ፍፁም አንዱን ከፍቶ ሰማ፣ ሌላውን ከፍቶ ሰማ።

"ግዛው ወንድሜ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው።"

ግዛው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። "ይኼ የትንሣኤው ነው። ዘማሪዋ ስንዱ መሃል ላይ ስታስል አትሰማትም?"

"ወይ ጉድ! ይኼስ?"

"ማይኩ ወድቆ እንደገና የጀመርነው።"

"አንተ ሰው፣ ጆሮ ነው ያለህ ወይስ ሌላ ነገር?"

ግዛው እንዲህ ያለ አድናቆት ከማንም ሰምቶ አያውቅም፤ ያውም ከዚህ ሰው! አልጣሽ ከኪችን "እራት ቀርቧል" ስትል ሁለቱም አልሰሟትም።

አንድ ፋይል ቀረ። የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ብቻዋን፣ ስትለማመድ። ግዛው ከመጀመሪያዋ ቃል አልጣሽ መሆኗን አወቀ። ፍፁም የመኪናውን ቁልፍ አውጥቷል።

"እሱ ይቆየን" አለ ግዛው። "ማን እንደሆነች በደንብ አልለየኋትም። ቅዳሜ ናና አብረን እንሰማዋለን።"