ልጅ የሌለው አራስ ቤት

በአገራችን ወንድ ለመተኛት ምክንያት አያጣም። መንገድ አድክሞት ይተኛል፤ ስብሰባ ውሎ ይተኛል፤ ምንም ሳይሠራ ከዋለም «ዛሬ ሰውነቴ ከብዶኛል» ብሎ ጋደም ይላል። ሴት ግን በጠራራ ፀሐይ ጀርባዋን አልጋ ላይ ለማሳረፍ ሁለት የታወቁ ምክንያቶች ብቻ አሏት፤ መውለድና መሞት። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ተመልሶ የነገረን የለም። ስለዚህ የሚያዋጣው አንደኛው ነው። አክስቴ አልታዬ በዚህ ሕግ እንዴት እንደተጠቀመችበት ላውጋችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩኝ ሰዎች መካከል ሕግን እንደ እሷ የሚተረጉም አላየሁም።

አክስቴ የምትኖረው ኦቾሎ በሚባል የጋሞ መንደር፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከደጃፏ ቆሞ ወደ ታች ለተመለከተ አባያ ሐይቅ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ይታያል፤ የሚጠጣው ውሃ ግን የሚመጣው ከዳገቱ ግርጌ ካለች አንዲት ምንጭ ነው። ውሃ ማየትና ውሃ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የኦቾሎ ሴት በወገቧ ታውቀዋለች። ባሏ ጋሽ ሎሃ ሸማኔ ነው፤ በወጣትነቱ ዓመቱን ግማሽ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን ይከርም ነበር። እሷ ስምንት ልጅ ወልዳ፣ የአንዱንም የአራስነት ጊዜ ሳትጨርስ፣ እንስራዋን አዝላ ያንን ዳገት ስትወጣ ኖረች። በመጨረሻ፣ ልጆቹ አድገው በየከተማው ሲበተኑ፣ ማሕፀኗ ቦታውን ለቆ ወረደ። እሷም በጨርቅ አሠረችውና ውሃዋን መቅዳቷን፣ እንሰቷን መፋቋን ቀጠለች።

እኔ አርባ ምንጭ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ዓይን አፋር ነኝ፤ ሴት ሆኜም «ማሕፀን» የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሥዕሉን መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ የበግ ራስ ይመስላል። ታዲያ አክስቴ ምስጢሯን የምታካፍለው ሰው አጥታ ነው እኔን የመረጠችው? ለገበያ መጥታ እኔ ቤት ስታርፍ ወንበር አቀረብኩላት፤ አልቀመጥም አለች። ደግሜ ደጋግሜ ብለምናት፣

«ብቀመጥ እኮ ቀድሞኝ የሚቀመጠው እሱ ነው» አለችኝ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሮ መውጣት አለበት አለ፤ ወጣ። በሰላም ነቃች። መከራው የመጣው የምትወጣ ዕለት ነው። ሐኪሙ ወጣት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ጋሞኛ አይሰማም፤ የአክስቴና የጋሽ ሎሃ አማርኛ ከገበያ አያልፍም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ካነሣች ማሕፀኑ በወጣበት የተሰፋው ተበጥሶ ሌላው የሆድ ዕቃ እንደሚወርድ፣ ያን ጊዜ ደግሞ መጠገኑ እንደሚከብድ ነገረን። ይህን በድፍረት ተረጎምኩ። ቀጥሎ ጋሽ ሎሃን እያየ ባልና ሚስት እስክትድን ድረስ አልጋ እንዲለዩ አዘዘ። ጆሮዬ ጋለ። መዝገበ ቃላት ሙሉ አንብቤ፣ በዚያች ሰዓት አንድም የሚሆን ቃል አልመጣልኝም። በመጨረሻ «ሐኪሙ፣ ጋሽ ሎሃ ሸማ መሥሪያው ጎጆ ውስጥ ይደር ብሏል» አልኩ። ጋሽ ሎሃ በቁም ነገር አሰበበትና ሌባ ገብቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። ከዚያ ራሷ ባጭሩ አስረዳችው፤ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ጠባቂዋ ሆኜ አብሬያት ወጣሁ። ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጧት። መንደሩ እያለቀሰ ተቀበላት፤ የመጀመሪያው ሳምንት በጥየቃ አለፈ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አክስቴ አማረባት። ሥቃዩ ሲለቃት ፊቷ ወዛ። የታመመ ሰው ደግሞ መክሳት፣ ቢያንስ መቁሰል አለበት፤ የእሷ ቁስል ለጎረቤት የሚታይ አይደለም። «ምን ሆና ነው የምትተኛው?» መባል ተጀመረ።

ከሁሉ የባሱት አማቷ እማማ ቦንቼ ነበሩ። እሳቸው ጦር እንጂ አሮጊት አይደሉም። «እኔ ወልጄ በማግስቱ እንሰት ፍቄያለሁ» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ደግሞ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስላሉ። ቀጥሎ እንስራውን ከጓዳ አውጥተው በሩ ላይ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አስቀመጡት። እንስራ አይናገርም፤ ግን እንደዚያ እንስራ የሚሳደብ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔስ ጠባቂዋ ምን አደረግሁ? ከመጽሐፌ ቀና ብዬ «እሺ እማማ» አልኩ። ትልቅ ሰው ፊት ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣኝም። ራሴ ወርጄ ልቅዳ ብዬ በሞከርኩ ጊዜ እንስራውን ሰብሬ ተመለስኩ፤ እማማ ቦንቼ ሌላ እንስራ አምጥተው እዚያው ቦታ ተከሉት።

አንድ ጠዋት አክስቴ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ጎንበስ ብላ የእንስራውን ጆሮ ስትይዝ አየኋት። ጎረቤት ሴቶችም፣ እማማ ቦንቼም እዚያው ተቀምጠዋል። አክስቴ እንስራውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችውና ቀስ ብላ ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

«አልወርድም። አራስ ነኝ» አለች።

አንዷ ሴት ዞር ዞር ብላ ልጁን ፈለገች።

«እማማ፣ ስምንቱን ስወልድ አጠገቤ የነበሩት እርስዎ ነዎት። አንዱንም ጨርሼ ተኝቻለሁ? ያኔ ያልተኛሁትን አሁን ነው የምተኛው።»

እውነት መሆኑን ከእማማ ቦንቼ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የአገር ሕግ ሲጠቀስ የአገር ሽማግሌ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ እሳቸውም ጠየቁት። ወንድ ነው ወይስ ሴት? ክርስትና ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ነውና።

«ሴት ናት» አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ። የሐኪሙ ሦስት ወር ለሰማንያው ይቀርባል።

ከዚያ በኋላ ማን ይነካታል? ለሕመም ጀርባውን የሰጠው መንደር ለአራስ ተነሣ። ቅቤ መጣ፣ ገንፎ መጣ፣ ሙቅ መጣ። እማማ ቦንቼ ራሳቸው በሩ ላይ ተቀምጠው፣ አራስ ቤት በባዶ እጅ የመጣውን ይገላምጡ ጀመር። ጋሽ ሎሃ ጀሪካን ይዞ ምንጭ ወረደ። ወንዶቹ አንተም ወለድክ እንዴ ብለው ቢተርቡት፣ «ብወልድማ ተኝቼ ነበር፤ ይህን የምትሸከሙት እናንተ ነበራችሁ» አላቸው። እኔ ሕፃን የሌለበት አራስ ቤት ውስጥ ገንፎ እየበላሁ መጽሐፌን አነበብኩ፤ እንደዚያ ክረምት ወፍሬ አላውቅም።

ሰማንያው ቀን ሞልቶ ወደ ሆስፒታል ስንመለስ ሐኪሙ አይቷት ተደነቀ። ሌሎቹ ቶሎ ሥራ ገብተው ተበጥሶባቸው እንደሚመለሱ ነግሮን፣ እናንተ እንዴት አድርጋችሁ አስተኛችኋት ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ማብራሪያ ነበረኝ፤ አፌ ላይ የደረሰው ግን «አራስ ስለሆነች ነው» የሚለው ብቻ ነው። ማሕፀኗን በገዛ እጁ ያወጣው ሐኪም ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ መጻሕፍቴን ስሸክፍ፣ እማማ ቦንቼ እጄን ይዘው ወደ እንሰቱ ጓሮ ወሰዱኝ። ያ ሐኪም አሮጊትም ያያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያያል አልኳቸው። ለማን እንደሆነ ግን ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ ሲያዞሩ ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማማ?»

«ከሎሃ» አሉ።

ጋሽ ሎሃ ጺሙ ሸብቶ ሽበቱ ቅንድቡ ላይ ደርሷል። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያንን ሁሉ ዳገት፣ እኚህ ሴት አንድም ቀን ሳያቃስቱ! ስፈራቸው የኖርኩትን ያህል በዚያች ቅጽበት አከበርኳቸው። ውሃውን ማን ይቀዳል ብለው እንዳይጨነቁ ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ፤ ሎሃ ለምዷል አሉ። ከዚያ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሴቶቹ ሲጠይቁሽ ግን፣ የእኔ መንታ ሴቶች ናቸው በያቸው።»