ዳገም አረቄና የሊቀመንበሩ ፊርማ

ውሃ ውሃ የሚል አረቄ ሲቀርብለት ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ እኔን እዩ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የተደባለቁ ፈሳሾችን መለየት የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ጭንቅ ነው። ቤተ ሙከራ በሚባለው ክፍል ያለው አንድ የተሰነጠቀ ብልቃጥና የሦስት ጢማም ሰዎች ሥዕል ብቻ። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦ አልኮል በሰባ ስምንት ዲግሪ ይፈላል፣ ውሃ በመቶ። መቶውም ውሸት ነው፤ በእኛ ደጋ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ግን የሚታመነው መጽሐፉ ነው።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘውዴ ደግሞ አረቄ ያወጡ ነበር። ድፍድፉ በገንቦ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ያለ ምንም ቴርሞሜትር። እኔን ምን አገባኝ?

ያን ሰሞን አንድ ልጃቸው ሙሉቀን ለብሔራዊ ውትድርና ተመዘገበ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቅዳሜ ጠዋት፣ ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ሳይነሳ፣ ስሙን ሰርዞ ሊፈርምላቸው ቃል ገባ። ሰውዬው አረቄ ይወዳል። እሳቸውም ዓርብ ከሰዓት ለእጅ መንሻ አንድ ጠርሙስ ሊወስዱለት አሰቡ።

እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ? ይሄ ገና ውሃ አለው፣ ደግመው ያውጡት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ብቻ ይያዙ አልኳቸው። ሰውዬው የለመደው ይሄንኑ ነው ብለው ነበር። አልሰማሁም። ግድግዳቸው ላይ በከሰል የማውጫውን ሥዕል ሣልኩላቸው። የተማረ ሰው ይታመናል፤ እሺ አሉኝ። የወጣው ዳገም እሳት ሲነካው በሰማያዊ ነደደ። ጎሽ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ሊቀመንበሩ ዓርብ ማታ የለመደውን ያህል ጠጣ። በለመደው ብርጭቆ፣ በለመደው ቁጥር። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘውዴና እኔ ደጁን ብናንኳኳ፣ ሚስቱ ፊቱ ላይ ውሃ ብታፈስ፣ ወይ ፍንክች፤ ያንኮራፋል። ወረቀቱ ራስጌው አለ። ስክሪብቶውም አለ። ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ተነስቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ሙሉቀን ከኋላ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

እትዬ ዘውዴ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ብቻ ከዚያ በኋላ ደግመው አያወጡም፤ ጭራሽ ውሃ ይጨምሩበታል። ጠጪው ሁሉ ሴትዮዋ እጃቸው ጠፋ እያለ ያማቸዋል። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ብርጭቆዬን እየሞሉ፣

«ምን ይታወቃል መምህር» አሉኝ፣ «ነገ የሚፈርም ሰው ይጠጣው ይሆናል።»