ምርቃት በአሥራ ስድስት ጊጋ

አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ግን አትሳቁብኝ። ወይም ሳቁ። እኔም በፊት በራሴ እስቅ ነበር።

ሰው ሱስ ሲባል ጫት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ ብቻ ይመስለዋል። የኔ ሱስ ርካሽ የዘፈን ማጫወቻ መግዛት ነው። ያቺ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ጀርባዋ ላይ የታወቀ ኩባንያ ምልክት ያለባት። ምልክቱ በጥፍር ሲነካ ይላጣል። ስልክ እያለ ይሄ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ ግን የጀመርኩት የእጄ ስልክ ከመደወልና ጨለማ ከማብራት ሌላ ምንም በማያውቅበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያዋን የገዛሁት ቡራዩ ነው፤ ያኔ እዚያ ነበር የምሠራው። ሻጩ “ኦርጅናል ናት” አለኝ። ፎርጂድ መሆኗን እኔ አውቃለሁ፣ ማወቄን እሱ ያውቃል፤ ግን ኦርጅናል ካልተባለ ግዢው ግዢ አይመስልም። ቤት ወስጄ ስሞክራት ድምፅ መቀነሻዋ አይሠራም። ወይ ትጮኻለች፣ ወይ ትጠፋለች። ለወራት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የኔን ዘፈን እየሰማ ወረደ። አንድ ሽማግሌ እንደውም “ልጄ፣ ያንን የቅድሙን እስቲ ድገመው” ብለውኛል።

ሁለተኛዋ የሱሉልታ ናት። እሷን ያስገዛኝ ክብደቷ ነው። ከበድ ያለ ዕቃ ሁሉ ጥሩ ዕቃ ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ? በሁለተኛው ሳምንት ጸጥ ስትል በካቻቢቴ ከፈትኳት። ውስጧ አንዲት ትንሽዬ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ አንዲት ቀጭን ባትሪና በማስቲሽ የተለጠፈ ቁራጭ ብረት አገኘሁ። ብረቱ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ሥራው መክበድ ብቻ ነው። መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ አየሁት። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ባሕር ማዶ ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ክብደት እንደምወድ አስቦልኛል። ከዘመዶቼ እንኳ እንዲህ ያሰበልኝ የለም።

ከዚያ በኋላ መነካካት ያዝኩ። የአንዷን ባትሪ ለሌላዋ አዛውራለሁ፣ የተሰበረውን በናስትሮ እጠቀልላለሁ፣ የተበጠሰ ሽቦ እበይዳለሁ። ከአምስት አንዷ ነፍስ ከዘራች ያንን ቀን እንደ በዓል ነው የምቆጥረው። ሥራ ቀይሬ ሰበታ ስገባ ስሜ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ቤተሰቡም ጎረቤቱም “ቴክኒሻን” ይለኛል። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አልፈተነኝም፤ ሰው ደጋግሞ ሲጠራችሁ ግን ታምናላችሁ። እኔም አመንኩ። ያ ነገር እኔ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ ኦቦ ደበላ የተፍኪ ገበሬ ነበሩ። አገር የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው ሳይሆን በምርቃታቸው ነው። እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። በኦሮምኛ ይጀምሩና መሐል ላይ ሳይታወቃቸው ወደ አማርኛ ይሻገራሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ “ሆሪ ቡሊ” ብለው ሙሽራዋን ውለጂ፣ ክበጂ፣ ኑሪ ይሏታል። አሜን የሚለው ሰው ድምፅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ከተጂ ድረስ እየመጡ ለሠርግ ይወስዷቸው ነበር።

የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ እህቴ ጫልቱ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከዘራቸውን ይዛ በየሠርጉ ትከተላቸዋለች። የሌላ ሰው ልጅ በተመረቀ ቁጥር ስንመለስ መንገድ ላይ ትጠይቃለች፦ “የኔስ አባባ? ለኔም እንደዚህ ነው የምትሉኝ?”

“አይደለም” ይሏታል። “ያንቺን አስቀምጬዋለሁ። ለማንም ብዬው አላውቅም።”

ይሄን እየሰማች አደገች። ዳንቴል ሠርታ የምታስቀምጥ አለች፣ ዕቃ የምታጠራቅም አለች። ጫልቱ የጠበቀችው ይሄንን ነበር።

ልጅቱ ታጨች፣ ቀን ተቆረጠ፤ የአባቴ ድምፅ ደግሞ ይሰልል ጀመር። ጉንፋን ነው አልን። ዝንጅብል፣ ማር፣ ፀበል ሞከርን። ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝና ማንቁርታቸው መውጣት አለበት አለኝ። ድምፃቸውስ? አይኖርም። ሠርጉ እስኪያልፍ መጠበቅ አይቻልም? ሠርጉ ሁለት ወር ነበር የቀረው። አይቻልም አለኝ።

አሁኑኑ ቢመርቋትስ አልናቸው። አባቴ እምቢ አሉ። የመውጫ ምርቃት ከቤት ሳይወጣ አይሰጥም፣ አማቾች ደጅ ቆመው ነው የሚሰጠው አሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ቴክኒሻኑ አለ አይደል?

ከድር ሱቅ ሄድኩ። ከድር ሰበታ ዋናው መንገድ ላይ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፣ የኔ ደንበኛ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ የሱ ደንበኛ። ድምፅ የምትቀዳ፣ ሰፊ፣ የማታሳፍር ዕቃ ስጠኝ አልኩት። ጀርባዋ ላይ አሥራ ስድስት ጊጋ ተብሎ የተጻፈባት አንዲት ጥቁር አወጣልኝ። “ወላሂ” አለኝ፣ “የሰበታን ሰው ሁሉ ድምፅ ብትቀዳባት አትሞላም።” ኮምፒዩተር ላይም ስንሰካት አሥራ ስድስት ጊጋ ነኝ አለች። በመዳፌ መዘንኳት። ቀላል ነች። ብረት የለባትም ብዬ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው እሑድ ተፍኪ ወስጄ በአባቴ ድምፅ ሞከርኳት፤ ትቀዳለች። ሰበታ ተመልሼ ደግሞ ለሠርጉም ትሁን ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ዘፈን ጫንኩባት። የሙሽራ፣ የሚዜ፣ የኦሮምኛ፣ የጉራግኛ፣ አልቀረኝም። ሁሉንም ዋጠች። ሁለት ሦስቱን ሰማኋቸው፣ ደህና ናቸው።

በሁለተኛው እሑድ ጫልቱን ገበያ ላክናትና አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ካባቸውን ለብሰዋል። ማንም በሌለበት ቤት፣ ለአንድ ማጫወቻ፣ ካባ ለበሱ። እኔ ፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ያዝኩላቸው። ጀመሩ። ድምፃቸው ይቆራረጣል፣ ውኃ ይጎነጫሉ፣ ይቀጥላሉ። ሃያ ሁለት ደቂቃ። የባትሪዋ ምልክት ሦስት መስመር ነበር፣ ወደ ሁለት ወረደ፣ ከዚያ ወደ አንድ። ላብ በላብ ሆንኩ። እንዳትጠፋ ብዬ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም።

“ገባ?” አሉኝ ሲጨርሱ።

“ገብቷል አባባ።”

“እስከ ቀኑ ማንም እንዳይከፍተው። አንተም።”

እሺ አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ትሞክሩት ነበር ይሆናል። አስተዋይ ሰው ይሞክራል። ግን ከሦስት ቀን በኋላ ለቀዶ ጥገና፣ እንደሚታረድ ሰው፣ አንገታቸውን የሚሰጡ አባት፣ አደራ ያሉትን ነገር እንዴት ትከፍታላችሁ? የቀዳሁት መኖሩን፣ ርዝመቱ ሃያ ሁለት ደቂቃ መሆኑን ስክሪኗ ላይ አየሁ። ማጫወቻዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አባቴ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ከሻሹ ሥር ነው የሚተነፍሱት። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ቆሟል። ጫልቱ ቬሎዋን ሰብስባ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፣ ጉልበታቸውን ሳመች። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘረጉ። እኔ ማጫወቻዋን ከሞንታርቦው ጋር አገናኝቼ፣ ማይክ ይዤ፣ አሁን አባታችን በገዛ ድምፃቸው ይመርቃሉ አልኩ። ጉራዬን አልደብቃችሁም፣ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ተጫንኩት። ቁጥሩ መቁጠር ጀመረ። አንድ ሴኮንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ሞንታርቦው “ሽሽሽ” ይላል እንጂ ሌላ የለም። ገመዱን ነቀነቅኩ፣ ድምፁን ጨመርኩ፤ ሽሽታው ጨመረ። ጆሯቸው የደከመ አንዲት አክስታችን ምርቃቱ የተጀመረ መሰላቸውና “አሜን!” አሉ። ሌላውም ሰው እንዳይቀር ብሎ አሜን አለ። ከዚያ ማን ያቁመው? ያ ሁሉ የተፍኪ ሰው መዳፉን ዘርግቶ፣ ለሽሽታ፣ እየደጋገመ አሜን አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ ሰው ተቆጥቶኝ ያውቃል። እሳቸው አልተቆጡም። ገመዱን ንቀለው ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ ነቀልኩት። ከዚያ እጃቸውን የጫልቱ ራስ ላይ ጫኑና ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለም። ሰዉ ከንፈራቸውን እያየ፣ ቆም ባሉ ቁጥር ቀስ ብሎ አሜን ይላል። ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚያደርገው፣ እንትፍ ሊሉባት ሞከሩ። ትንፋሹ በአፋቸው አልወጣም፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻሽ ብቻ ነፋው።

ጫልቱ ወደ መኪናው ስትሄድ ወደ ኋላ አላየችም።

በማግስቱ ከድር ላይ ልጮህ ሰበታ ተመለስኩ። ጮህኩም። እሱ ግን ረጋ ብሎ “አሥራ ስድስት ጊጋ ነኝ ያለችው እሷ ናት፣ እኔማ ያለችውን ነው የነገርኩህ” አለኝ። ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሲመረምራት ቆየ። ትክክለኛ ልኳ አንድ ጊጋ ብቻ ነበር። እሱ ከሞላ በኋላ የሚገባውን ሁሉ ስሙንና ርዝመቱን ትመዘግባለች፣ ነገሩን ራሱን ግን ታፈስሰዋለች። ዘፈን ሞልቼባት የአባቴን ድምፅ አፈሰሰችው። ውስጧ ምን እንደነበር ስነግረው ከድር ፊቱን አዞረ። ሌላ ልስጥህ እንኳ አላለኝም። አባቴ ከአራት ወር በኋላ ሲያርፉ ለቅሶ ከደረሱት የሰበታ ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ከእኔ ሳይለይ ተቀመጠ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ጫልቱ ቤቴ መጣች። እስከዚያ ቀን ማንም ወቅሶኝ አያውቅም ነበር፣ እሷም አልወቀሰችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ስትቀዳቸው አብረሃቸው ነበርክ አይደል? ምን አሉኝ?”

ይሄን ጥያቄ ስፈራው ነው የኖርኩት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ነበር። በአንድ ክንድ ርቀት። ከድር ዋሸኝ፣ ዕቃዋ ዋሸችኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ይሄን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት ቃል አልሰማሁም።

“ባትሪውን እያየሁ ነበር” አልኳት።

ዝም ብዬ መቀመጥ ሲያቅተኝ ተነስቼ ማጫወቻዋን ከሣጥን አወጣሁ። እጄ መነካካት ስለለመደ ነው እንጂ ተስፋ ኖሮኝ አይደለም። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ሳልፍ፣ ከሁሉም በፊት፣ ገና ሳትሞላ የተቀዳ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው እሑድ ሙከራ። ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው።

ተጫንኩት። መጀመሪያ የአባቴ ድምፅ መጣ፣ የሰለለ ቢሆንም ጥርት ብሎ፣ ያኔ ገና ያልሞተው ድምፅ። “ጫልቱ ልጄ፣ ያንቺን…” ሲሉ፣ በላዩ ላይ የኔ ድምፅ ገባ። “አባባ፣ ዝም ይበሉ! ገና ነው። እየሞከርኩ ነው።”

እሳቸውም እሺ ብለው ዝም አሉ። ከዚያ የዶሮ ድምፅ አለ፣ አለቀ።

ጫልቱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

“ዕቃዋ እንኳ ደህና ናት” አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ “ድገመው” አለችኝ።

ደገምኩት። አሁንም ድገመው አለችኝ። በዚያ ከሰዓት አባቴን ዘጠኝ ጊዜ ዝም አሰኘኋቸው።